በአንገት ላይ ያለፈው ጭረት

ሐጂ ኢሳ የሞቱት ሰኞ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ የተገኙት ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ። ልጃቸው ሩመይሳ ምሳ ይዛላቸው ስትገባ ፊልም በሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። ውጭ የከሚሴ ባጃጆች እንደ ልማዳቸው ጡሩንባቸውን ይነፋሉ፤ የሚኒባስ ረዳቶች «ኮምቦልቻ! ደሴ!» እያሉ ይጣራሉ። ከአስፋልቱ ሃያ እርምጃ ገባ ባለችው ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ቀይ አምፖል ብቻዋን ትበራለች። ቀይ መብራት ደምን ይደብቃል። ኢንስፔክተር አመልማል ይህን የተረዳችው ጫማዋ ወለሉ ላይ ሲጣበቅ ነው።

«ነጩን አብሩልኝ» አለች። ሲበራ ግን ምነው ባልበራ አለች።

ፎቶ የሚያጎሉበት ባለ ብረት እግር መሣሪያ ከሬሳው አጠገብ ወድቋል፤ የእግሩ ጠርዝ በደም ተለውሷል። ሌላው ነገር ሁሉ በቦታው ነው። ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ ጠፍቶ ቆሟል፤ ላዩ ላይ ያልተቆራረጠ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ከጎኑ አንድ ወፍራም ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል። መጨረሻ የተጻፈበት ገጹ ተገንጥሏል።

በዚህ ዘመን ፊልም የሚያጥብ ሰው አለ ወይ የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ከሚሴ ውስጥ ሐጂ ኢሳ ነበሩ። አገሩ ሁሉ በስልኩ ሲያነሣ እሳቸው የአርባ ዓመት ፊልማቸውን በካርቶን ደርድረው ይኖሩ ነበር። ፊልም የሚወዱ ወጣቶች ከአዲስ አበባ ድረስ የተጫረ ነጌቲቭ ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጭረቱ ከምን እንደመጣ ይነግሯቸዋል። ሰዉ «የፊልም ሐኪም» ይላቸው ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ይዩት» አለ ሳጅን በላይ። የጠረጴዛውን መብራት አብርቶ፣ ማጉያ መነጽሩን ፊልሙ ላይ አስቀምጦ ዞር አለላት።

ፊልሙ ሠርግ ነው። አንድ ወጣት በአበባ ካጌጠ ባጃጅ አጠገብ ቆሟል፤ ነጌቲቭ ነውና ፊቱ ነጣ ያለ ሸሚዙ የጠቆረ ሆኖ የሙት መንፈስ መስሏል። አንገቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ጭረት አልፏል።

«ይሄ ሳዳም ነው፣ ባጃጅ ነጂው። ልጃቸውን ቢጠይቃቸው እንቢ ያሉት። አንገቱን ቆርጠውታል እኮ!»

ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ ሳዳም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሸሚዙ በደም ርሶ ከዚያ በር ሲሮጥ አይቶታል። አመልማል ሁለቱን ነገር አገጣጠመችና በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጁን በካቴና ከአስፋልቱ ላይ ወሰደችው፤ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰው እህል ቢሆን ባልከፋ።

*

«ገድለህ ነው የሮጥከው?»

«ወላሂ አልገደልኩም። ሞተው ነው ያገኘኋቸው። ቀና ላደርጋቸው ስል ደሙ ነካኝ።»

«ምን ልታደርግ ሄድክ?»

ሳዳም በካቴናው እጁን አገናኝቶ መሬት መሬት ያያል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። «ልለምናቸው። ሠርጉ ላይ ሳቁልኝ እኮ። ልባቸው የራራ መሰለኝ።»

«ከዚያ ለምን አልጮህክም?»

«ማን ያምነኛል ብዬ። እርስዎስ መቼ አመኑኝ?»

አመልማል ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

*

ማክሰኞ ሐጂ ተቀበሩ። ከቀብሩ መልስ ሦስቱ ወንድሞቻቸው ወደ ቀያቸው ጨፋ አልተመለሱም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ጥላ ሥር ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። አይጮሁም፣ አይዝቱም፣ ሻይ ሲቀርብላቸው አይጠጡም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። የሳዳም አንገት ፊልሙ ላይ መቆረጡን ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ከጣቢያው ማን እንዳወጣው አመልማል አልጠየቀችም። የሳጅን በላይ ምላስ ከእግሩ እንደምትፈጥን ድሮም ታውቃለች።

በሩ ላይ የሳዳም እናት አሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አመልማል ልታልፍ ስትል የቀሚሷን ጫፍ ያዙ።

«አፈር ስሆን ልጄ። አንዱን ልጄን በግንብ ዘግተሽበታል፣ እሱስ ይሁን። ታናሹ ግን ቤት ነው ያለው። እነዚህ ሰዎች ትልቁን ቢያጡ ትንሹ ይበቃቸዋል።»

«እናቴ፣ ሕግ አለ።»

«ሕጉማ አለ። ጥይቱም አለ።»

ሼህ ሙሀመድኑር በከዘራቸው እየተደገፉ የመጡት ያን ጊዜ ነው። አበጋር ናቸው፤ ደም የተቃባን የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው ከጨፋ እስከ ባቲ የሚሰማ ሽማግሌ። ወንድማማቾቹ ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ።

«አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጧቸውና ወደ አመልማል ዞሩ። «ልጄ፣ እስከ ዓርብ ጁምዓ ድረስ እጃቸውን እንዲሰበስቡ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። ከጁምዓ በኋላ ግን የእኔ ቃል ያልቃል። አንቺም ልጁ ገደለ ካልሽ ገደለ በይ፤ አልገደለም ካልሽ የገደለውን አምጪ።»

«ሦስት ቀን ነው የሰጡኝ ሼህ።»

«እኔም የሰጡኝ ይሄንኑ ነው።» ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። «እኔ እንኳ ከሐጂ ኢሳ ጋር ጉዳይ ነበረኝ። ባለፈው ሐሙስ የተዳረችው፣ ፊልሙ ላይ ያለችው ሙሽራ፣ የልጅ ልጄ ናት። አባቷ፣ ልጄ፣ ታሞ ነበር። 'እኔ በፊልም እንደተዳርኩ ልጄም በፊልም ትዳር' ብሎ ነው ያስነሣው። ዓርብ ሞተብኝ። የመጨረሻ መልኩ ያ ፊልም ላይ ነው ያለው፤ እሱም ተጭሮ ተበላሸ አሉኝ።»

«ማን አለዎት?»

«ያነሣው ልጅ፣ ፈይሰል። ሐጂ ሲያጥቡት እጃቸው ጫረው አለኝ። ሐጂን ብጠይቃቸው 'ማክሰኞ መጥቼ እነግርዎታለሁ' አሉኝ። ማክሰኞ እሳቸውን ቀበርን።»

*

ፈይሰል ረቡዕ ጠዋት ሳይጠራ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሥራውን ያስተማሩት ሐጂ ኢሳ ናቸው። አሁን ከአስፋልቱ ማዶ የራሱ ፎቶ ቤት አለው፤ ባለፈው ዓመት የባቲ ገበያ ፎቶዎቹ አዲስ አበባ ለትርኢት ቀርበው ስሙ በራዲዮ ተጠርቷል። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። አንገቱ ላይ የፊልም ካሜራ አንጠልጥሏል።

«ሳዳም እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር» አለ።

«አንተ ሰኞ የት ዋልክ?»

«ባቲ። ገበያውን ሳነሣ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ማታ ነው የገባሁት። የሐጂን ሞት የሰማሁት ኮምቦልቻ ስደርስ ነው።» ከቦርሳው ክብ ቆርቆሮ አወጣ፤ ከውስጡ የተጠቀለለ ፊልም ዘረጋ። «ይኸው፣ የሰኞው ፊልም። እኔ አንድ የፊልም ካሜራ ነው ያለኝ፤ እሱም ይኸው አንገቴ ላይ ነው።»

አመልማል ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣችው። ግመል፣ የጨው አሞሌ፣ ጥላ የያዙ ሴቶች። ከአንድ ግመል አጠገብ አንድ ሰው ጢሙን ጠምዝዞ ቆሟል።

«ማን አጠበው?»

«እኔው ራሴ፣ ማክሰኞ ከቀብር መልስ። እጄን ሥራ ካልያዘው ላብድ ነበር። ሰውየው ነጂብ ይባላል፣ ግመል ነጋዴ ነው። ይደውሉለት።»

በላይ ደወለለት። የነጂብ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። «አዎና! ፈይሰል ሰኞ መጥቶ ከነግመሌ አነሣኝ! ምነው፣ ፎቶው ተበላሸ እንዴ?»

«የሠርጉ ፊልም ጭረትስ?» አለች አመልማል ስልኩ ሲዘጋ።

ፈይሰል አንገቱን ደፋ። «የሐጂ እጅ ነው። ርጥቡን ፊልም በጣታቸው ይጠርጉታል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቀለበትም አላቸው። እኔ ይቅር ብያቸዋለሁ። የአስተማሪ ስሕተት ይሸፈናል እንጂ አይወራም።»

በላይ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ፈይሰልም ፊልሙን ለማስረጃ ትቶላቸው ወጣ። አመልማል ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ይሸፈናል ያለውን ስሕተት ለሼሁ የነገረው ማን ሆነና ነው?

*

ሩመይሳ የሐዘን ድንኳኑን ትታ ከጓዳ ወጣችላት። የወንድ የብር ቀለበት አውራ ጣቷ ላይ አድርጋለች። የአመልማል ዓይን እዚያ ላይ መቅረቱን አይታ፣ «የአባቴ ነው» አለች። «እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አውልቆት አያውቅም። ጀናዛውን ሲያጥቡት በሳሙና ነው የወጣው።»

አመልማል የሐጂን ደብተርና የሠርጉን ፊልም ይዛ ነበር የመጣችው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «ይሄን ማንበብ ታውቂያለሽ?»

«እሱ ነው ያስተማረኝ። ግን እኔ ባነብልሽ ታምኚኛለሽ? ሳዳምን ልታድን ነው ትያለሽ።»

«እላለሁ።»

«እንግዲያው ራሱ ይንገርሽ» አለችና ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገልጣ አዞረችላት።

የሐጂ ጽሕፈት ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በተጻፈው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አጭር፣ የተንቀጠቀጠ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚል ጭረት የእጅ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በሥዕልና በሥዕል መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ሳይቀር አቋርጦ የሚሄድ ጭረት የካሜራ ነው። ፊልሙን ከኋላ በሚጫነው ብረት ላይ አሸዋ ይገባና ፊልሙ በተጎተተ ቁጥር ይጭረዋል። የሰው እጅ እንዲህ ቀጥ ማለት አያውቅም።»

አመልማል ማጉያውን የሠርጉ ፊልም ላይ አስቀመጠችና ከሳዳም ሥዕል ጀመረች። ጭረቱ አንገቱን አቋርጦ ሄደ። ወደ ቀጣዩ ሥዕል ሲሻገር አልተቋረጠም። የሙሽራዋን አንገት አቋረጠ። የአባቷን አቋረጠ። ሠላሳ ስድስት ሥዕል በአንድ ከፍታ፣ በአንድ መስመር፤ የሚዜዎቹን፣ የሼሁን፣ የዘፋኞቹን፣ በሠርጉ የነበረውን ሰው ሁሉ አንገት አቋርጦ አለፈ። ሰኞ ዕለት አንዱን አንገት ብቻ አይታ ነበር ሰው ያሰረችው።

«ካሜራው የፈይሰል ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የፈይሰል ነው። ሳዳም አልገደለም አልልሽም፣ አላየሁም። ይሄን የጫረው ግን የአባቴ እጅ አይደለም።»

«አባትሽ ይህን ለሼሁ ሊነግሯቸው ነበር?»

«እንጃ። መድኃኒቱን በእጁ ሳይዝ በሽታውን ለሰው አይናገርም ነበር። ለእኔም አይነግረኝ። ልማዱ ነው።»

«የባቲው ፊልም ላይ ግን ይህ መስመር የለም። ካሜራው ሐሙስ ከታመመ ሰኞ እንዴት ጤነኛ ሆነ?»

«ወይ በመሀሉ ጠርጎታል፤ ወይ ደግሞ የባቲው ፊልም ከሠርጉ በፊት የተነሣ ነው።»

«የቱ እንደሆነ በምን ይለያል?»

ሩመይሳ ትከሻዋን ሰበቀች። «ግመል ቀን አይጽፍም።»

*

ሐሙስ ከሰዓት አመልማል የታሸገውን የሐጂን ፎቶ ቤት ከፍታ ገባች። ወንድማማቾቹ ከጥላቸው ሥር ሆነው በዓይናቸው ሸኟት። አሻ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። አንድ ቀን ቀርቷታል፤ በእጇ ያለው ደግሞ አንድ ጭረት ብቻ ነው። ፈይሰል በሠርጉ ፊልም እንደዋሸ ታሳይ ይሆናል። መዋሸት ግን መግደል አይደለም፤ ባቲ የዋለ ሰው ከሚሴ ሊገድል አይችልም።

ካርቶኖቹን አወረደች። የምትፈልገውን አታውቅም ነበር። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለውን ፊልም እያወጣች፣ መብራቱ ላይ እየዘረጋች፣ እያየች መለሰች። ወታደሮች፣ ሙሽሮች፣ የመታወቂያ ፊቶች፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሕፃናት። ዓይኗ ሲደክም ሥዕሉን ትታ የፊልሙን ጫፍ ማየት ጀመረች። ሐጂ ጭራውን አይቆርጡትም፤ ሥዕል የሌለበት አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ በሁሉም ፊልም መጨረሻ ላይ አለ።

በአንዱ ጭራ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ጭረት አየች። ግማሽ ጨረቃ ትመስላለች፤ መሀሏ ላይ አንዲት ጥርስ አለቻት። በሌላኛውም አለች። በሦስተኛውም። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ሁሉንም ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። የድሮዎቹ ላይ የለችም። ከሰባት ዓመት ወዲህ የታጠቡት ላይ ግን አንድም አልቀረም።

ሩመይሳን አስጠርታ አሳየቻት።

«እሱማ ቀለበቱ ነው» አለች ሩመይሳ፣ በግርምት ሳይሆን እንደ ተራ ነገር። «ርጥብ ፊልም ሲሰቅል በጭራው ነው የሚይዘው። የቀለበቱ ጠርዝ የተሰበረ ነው፣ እዚያ ይነካዋል። ሥዕል ስለሌለበት ግድ አልነበረውም። እኛማ ለምደነው አናየውም።»

«ፈይሰልስ?»

«እሱም እዚሁ ነው ያደገው። ማን ያየዋል?»

አመልማል ከፖስታው ፈይሰል የተወላትን ፊልም አወጣችና ጭራውን መብራቱ ላይ ዘረጋች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ባቲ ደወለች፤ ነጂብን የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

*

ዓርብ ረፋዱ ላይ ከጣቢያው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ሼህ ሙሀመድኑር መሀል ተቀመጡ። ወንድማማቾቹ በአበጋር ሸንጎ ጠመንጃ አይያዝምና መሣሪያቸውን ከሼሁ ፊት አጋደሙ፤ ሼሁም ከዘራቸውን ከላዩ ላይ አጋደሙበት። ከዘራው እስኪነሣ ጠመንጃ የሚነካ የለም። በአንድ በኩል አሻ ከታናሹ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ ከንፈሩ ደርቋል። ፈይሰል ምስክር ሆኖ ተጠርቶ ካሜራውን አንግቶ መጥቷል፤ ለሐጂ ዘመዶች ውሃ ሲያድል ነበር።

አመልማል ከተሳሳተች ከጁምዓ በኋላ የሚሆነውን ታውቃለች።

«ፈይሰል፣ የሠርጉን ፊልም የጫረው ማን ነው?»

«የሐጂ እጅ ነው። አላህ ይማራቸው።»

«የባቲውንስ ፊልም ሐጂ ነክተውታል?»

«እንዴት ይነኩታል? እሳቸው ሰኞ ሲሞቱ እኔ ባቲ እያነሣሁት ነበር። ማክሰኞ ራሴ ነኝ ያጠብኩት።»

«ከእጅህ ወጥቶ ያውቃል? ሐጂ ዘንድ ደርሶ ያውቃል?»

«ኢንስፔክተር፣ ሬሳ ፊልም ያጥባል እንዴ?»

ሰዉ አጉረመረመ። ከወንድማማቾቹ አንዱ፣ «ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው?» አለ።

አመልማል ሩመይሳን በዓይኗ ጠራቻት። ሩመይሳ ቀለበቱን አውልቃ በሼሁ መዳፍ ላይ አኖረችው። አመልማል ከካርቶኖቹ ያመጣቻቸውን ሦስት ፊልሞች ጭራቸውን እየያዘች በማጉያ ለሽማግሌዎቹ አሳየች። ግማሽ ጨረቃ፣ መሀሏ ጥርስ። ማጉያው ከእጅ እጅ ዞረ። ሼሁ የቀለበቱን ስባሪ ጠርዝ ከጭረቱ ጋር አስተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ደግሞ ይህን ይዩ» አለችና አራተኛውን ፊልም ሰጠቻቸው።

ሼሁ ወደ ፀሐይ አነሡት። አዩ። ዝቅ አድርገው ቀለበቱን ደግመው አዩ። እንደገና አነሡት። «ያው ነው» አሉ። «ይሄ የማን ፊልም ነው?»

«የባቲው ነው።»

አመልማል ወደ ፈይሰል ዞረች።

«ልክ ብለሃል ፈይሰል፤ የሐጂ እጅ ይጭራል። የሠርጉን ፊልም አይደለም፤ እሱን የጫረው ያንተ ካሜራ ነው። የሐጂ እጅ የጫረው የዚህን ጭራ ነው። ይህን ፊልም አጥበው የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። አንተ አጠብኩት ባልክበት ማክሰኞ ግን አፈር ውስጥ ነበሩ።»

«ነጂብ… ነጂብ መስክሯል» አለ ፈይሰል።

«ነጂብ አልዋሸም። የባቲ ሰው ቀኑን በገበያ ነው የሚቆጥረው፣ ሰኞ ሁሉ ሰኞ ነው። ትናንት ግን 'ፎቶው ላይ ያለው ግመል አሁንም አለ ወይ' ብዬ ጠየቅኩት። 'ፈይሰል ባነሣኝ ዕለት ሸጥኩት እንጂ! በዚህ ሰኞማ ይዤ የወጣሁት ፍየል ነው' አለኝ። ያነሣኸው ከሠርጉ በፊት በነበረው ሰኞ ነው። ካሜራህ ገና ሳይታመም፣ ሐጂም ገና በሕይወት ሳሉ።»

ፈይሰል ወደ አስፋልቱ አየ። በላይና ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ቆመዋል። መሬት ላይ ተቀመጠ። ካሜራው ደረቱ ላይ ተንገላታ።

«ካሜራው ነው ካሉ አለቀልኝ» አለ። ለማንም የሚናገር አይመስልም። «የሙት የመጨረሻ መልክ ያበላሸ ተብዬ ማን ያስነሣኛል? ስሜ ገና መጠራት ሲጀምር። 'እጄ ነው በሉልኝ' ብዬ ለመንኳቸው። 'እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ሰው ይቅር ይልዎታል' አልኳቸው። ቀና ብለውም አላዩኝ። 'ተቀመጥና ጠብቅ፣ ሥራዬን ልጨርስ' አሉኝ። እንቢ ያሉኝ መሰለኝ። ወላሂ እንቢ ያሉኝ መሰለኝና መታኋቸው።»

«የደብተሩን ገጽ የት አደረግከው?»

ከካሜራ ቦርሳው ውስጠኛ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ሳላነበው ነው የገነጠልኩት። ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ማቃጠል አቃተኝ።»

አመልማል ወረቀቱን ዘረጋችው። ሼሁ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሏት። ጠባብና ቀጥ ያለ ጽሕፈት ነው።

«እሑድ። የሐሙሱ የሼህ ሙሀመድኑር የልጅ ልጅ ሠርግ ፊልም። ጭረቱ የካሜራ ነው፤ ፈይሰል ጨፋ አቧራ ላይ ፊልም ሲያስገባ አሸዋ ገብቶበታል። ግን ጭረቱ ያለው በፊልሙ ጀርባ ነው፣ ሥዕሉን አልነካውም። የአፍንጫ ወዝ ቢቀቡት ሞልቶ ይሸፍነዋል፣ ሲታተምም አይታይም። ሰኞ አትሜ ማክሰኞ ለሼሁ እሰጣለሁ። ጭረቱ ከጠፋ የማን ጥፋት ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ልጁ ስሙን ገና እየሠራ ነው።»

ፈይሰል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሼህ ሙሀመድኑር ብዙ ተናግረው ብዙ ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን «ያ ረቢ» ብለው ወረቀቱን ከአመልማል እጅ ተቀበሉ።

ከወንድማማቾቹ ትልቁ ብድግ አለ። ዓይኑ ወደ ጠመንጃዎቹ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ፈይሰል። የፈይሰልም ወንድሞች እዚያው ሕዝቡ መሀል ነበሩ፤ አንዱ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። አመልማል እጇን ወገቧ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ሰደደች።

«ተቀመጥ» አሉት ሼሁ። «ከዘራዬ ዛሬ አይነሣም። ነገም አይነሣም። ደም የሚደርቅበትን እስክንነጋገር እዚሁ እንውላለን፣ እዚሁ እናድራለን።»

ሰውየው ቆሞ ቆየ፤ በመጨረሻ ተቀመጠ። ፖሊሶቹ ፈይሰልን በጣቢያው የኋላ በር አስገቡት። የጁምዓ አዛን ሲሰማ ሼሁ ከዘራቸውን እዚያው ትተው፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ሳዳም ሲፈታ አሻ አልጮሁም፣ አላለቀሱም። አንገቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳሰሱት። አመልማል «ይቅር በሉኝ» ልትል አጠገባቸው ደርሳ ነበር። አሻ ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ሁለተኛ እንዲህ አትቸኩዪ ልጄ» አሏት። ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይህ አንገበገባት።

*

ቅዳሜ ሩመይሳ ጨለማ ክፍሉን አጥባ ቀይዋን አምፖል አበራች። ሼሁ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አመልማል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ለምን እንደመጣች ራሷም በቅጡ አታውቅም።

ሩመይሳ ጣቷን ከአፍንጫዋ ጎን አሻሽታ የፊልሙን ጀርባ በስሱ ቀባችው። የአባቷን የድሮ ፎቶ ማጉያ መሣሪያ አበራች፣ አጠፋች። ወረቀቱን የማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ስትነክረው መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀስ በቀስ ጥላ መጣ፣ ከዚያ ፊቶች። የሙሽራዋ አባት ከስተው፣ ግን እየሳቁ፣ ልጃቸውን አቅፈዋል። ከኋላ ሳዳም በአበባው ባጃጅ አጠገብ ቆሟል። ማንም አንገት ላይ ምንም መስመር የለም።

ዳር ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሐጂ ኢሳ ናቸው። ካሜራውን አያዩም፤ ወደ ሳዳም ዞረው ይስቃሉ።

«ሳዳም እውነቱን ነበር» አለች ሩመይሳ። «ስቆለት ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች፤ ከሰኞ ወዲህ አመልማል ስታለቅስ ያየቻት ያኔ ነው። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ ርጥቡን ወረቀት በጥግ በጥጉ ይዛ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። የአውራ ጣቷ ቀለበት ሥዕል የሌለበትን ነጭ ጠርዝ ነካው፤ ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ቀረበት። አየችው፣ ግን አልቆረጠችውም። በሩን ከፍታ ሼሁን ጠራቻቸው።